ከመርካቶ የሚገዙ የመኪና መፍቻዎች ግምገማ፦ ለግቢ ጋራዥ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር

መርካቶ ውስጥ የመኪና መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ግድግዳ ሥር የተደረደረው ትልልቅ የፕላስቲክ ሻንጣ ነው። ላዩ ላይ «108 ፍሬ»፣ «216 ፍሬ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሲከፈት ሁሉም ያብረቀርቃል። በግቢው የራሱን መኪና ሊጠግን ላሰበ ሰው ግን ለገንዘቡ አነስተኛውን ጥቅም የሚሰጠው ይኸው ሻንጣ ነው። ቁጥሩን ያበዙት የካቻቢቴ ምላሶች፣ ከ4 እስከ 7 ሚሊሜትር ያሉ ደቃቅ ቡሶላዎችና (ቡሶላ ማለት እጀታ ላይ ተሰክቶ የብሎን ራስ የሚውጥ የመፍቻ ራስ ነው) ጃፓን ሠራሽ መኪና ላይ ቦታ የሌላቸው የኢንች ቡሶላዎች ናቸው። ዋናው እጀታና ትልልቆቹ ቡሶላዎች፣ ማለትም ኃይል የሚሸከሙት፣ ብዙውን ጊዜ ከሻንጣው ውስጥ ደካሞቹ ሆነው ይገኛሉ።

መነሳት ያለበት ከሻንጣው ሳይሆን ከመኪናው ነው። አዲስ አበባ ላይ በብዛት የሚታዩት ቶዮታ ቪትዝና ኮሮላ ከሞላ ጎደል በሰባት ቁጥሮች ይፈታሉ፦ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21። የባትሪ ተርሚናል፣ የአየር ማጣሪያ ሳጥንና የካንዴላ ኮይል ማሰሪያ 10 ነው። ዲናሞውን የሚያስሩት 12 እና 14 ናቸው። የዘይት ማፍሰሻው ብሎንና የፊት ካሊፐር (ፍሬኑን የሚጨብጠው ክፍል) ፒኖች 14፣ የካሊፐሩ ብራኬት 17፣ የእግር ክፍሉ ትልልቅ ብሎኖች 17 እና 19፣ የጎማው ዳዶ 21። ከዚህ ውጭ የፊት ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ዳዶ 30 ነው፤ እሱም ኩሽኔታ ወይም የአክስል ጫፍ ለመቀየር ብቻ ስለሚፈለግ ለብቻው ይገዛል።

የቁጥሩ ልዩነት የሚመጣው ከአገር አገር ነው። ኤም 8 የሚባለው፣ ማለትም ግንዱ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን፣ ጃፓን መኪና ላይ ራሱ 12 ሲሆን አውሮፓ መኪና ላይ 13 ነው። ኤም 10 ደግሞ በጃፓኑ 14፣ በአውሮፓው 16 ወይም 17 ይሆናል። ላዳ ያለው ሰው 13 ከሌለው ሥራ አይጀምርም። ፎክስዋገን ያለው ሰው 13፣ 16፣ 18 እና ኮከብ ቅርጽ ያላቸው የቶርክስ ምላሶች ያስፈልጉታል። ቪትዝ ያለው ሰው ግን 13ን፣ 15ን፣ 16ን እና 18ን ቢተው ብዙም አይጎዳም። የካንዴላ ቡሶላ ብቻ ለየት ይላል፦ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር 16 ሚሊሜትር ረጅም ቡሶላ ይፈልጋል፤ ሌሎች አዳዲስ ሞተሮች 14 ሚሊሜትር ስስ ቡሶላ ሊፈልጉ ስለሚችሉ አንዱን ካንዴላ አይቶ መግዛት ነው። ውስጡ ጎማ ወይም ማግኔት ያለው ይመረጣል፤ ካንዴላው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ያለዚያ ተመልሶ ይወድቃል፣ ሸክላውም ይሰነጠቃል።

ወደ ቡሶላው ጥራት ስንመጣ፣ «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ማህተም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ በጣም ርካሹም ላይ ተጽፏል። ሱቁ ውስጥ በእጅ የሚሞከሩ ነገሮች አሉ። ራሳቸው 10፣ 12 እና 14 የሆኑ አዳዲስ የጃፓን መኪና ብሎኖች ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ ይበቃል። ቡሶላው ብሎኑ ላይ ሲገባ በነፃነት መግባት፣ ከገባ በኋላ ግን ግራና ቀኝ ሲዞር ከጥቂት ዲግሪ በላይ መላወስ የለበትም። ብዙ ከተላወሰ የብሎኑን ጠርዝ ይበላዋል። ሁለተኛ፣ የቡሶላው አፍ ላይ ያለውን የመግቢያ ተዳፋት ማየት ነው፤ ተዳፋቱ ጥልቅ ከሆነ ስስ ራስ ያለውን ብሎን የሚይዘው ብረት ትንሽ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ቀዳዳው መሃል ላይ መሆኑን፣ ማለትም የግድግዳው ውፍረት በሁሉም በኩል እኩል መሆኑን ማየት። አንዱ ጎን ስስ ከሆነ የሚሰነጠቀው በዚያ በኩል ነው።

ስድስት ጠርዝ ወይስ አሥራ ሁለት ጠርዝ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ለቤት ጋራዥ የማያሻማ ነው፦ ስድስት። ስድስት ጠርዙ የብሎኑን ጎን ይገፋል፤ አሥራ ሁለቱ ግን ጫፉን ይጫናል፤ ጎሚስታ በረጅም ቧንቧ ያጠበቀው ወይም ዝገት የያዘው ብሎን ላይ ጫፉ ይላጫል። አሥራ ሁለት ጠርዝ የሚፈለገው ብሎኑ ራሱ አሥራ ሁለት ጠርዝ ሲሆን ነው፤ አንዳንድ ኮሮላዎች የሞዞ ዳዷቸው እንዲህ ስለሆነ 30 ቁጥሩን ከመግዛት በፊት ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

የመሰኪያው፣ ማለትም ቡሶላው እጀታው ላይ የሚሰካበት ካሬ፣ መጠን ሌላ ውሳኔ ነው። ገበያው የሚያቀርበው በዋናነት የግማሽ ኢንች ስብስብ ነው፤ 24 ፍሬ የያዘው የብረት ሳጥን ለዓመታት የመካኒኮች ምርጫ ሆኖ የቆየው ለጎማ፣ ለእግርና ለሞተር መሠረት ስለሚበቃ ነው። ነገር ግን 10 እና 12 ቁጥር ብሎን ላይ የግማሽ ኢንች እጀታ ከባድና ረጅም ነው፤ ኤም 6 ብሎን የሚፈልገው 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ያህል ብቻ ስለሆነ እጅ ሳያስበው ይቆርጠዋል። ለሞተር ክፍል ሥራ የ3/8 ኢንች እጀታ ትክክለኛው መጠን ነው። ገንዘብ ለአንድ ስብስብ ብቻ ካለ፣ የ3/8 ስብስብ ከ8 እስከ 19 ገዝቶ፣ ለጎማና ለእግር ደግሞ 60 ሴንቲሜትር የሆነ የግማሽ ኢንች ቀጥ ያለ እጀታ ከ17፣ 19፣ 21 ቡሶላ ጋር በነጠላ መጨመር ከአንድ ትልቅ ሻንጣ ይሻላል። 10፣ 12 እና 14 በረጅም ቡሶላም ይኑሩ። ብሎኑ ከዳዶው አልፎ በሚወጣባቸው ቦታዎች አጭሩ አይደርስም። ማራዘሚያ ሦስት ይበቃል፦ 7፣ 15 እና 25 ሴንቲሜትር አካባቢ። አንድ ካርዳን መገጣጠሚያም ያስፈልጋል፤ ልቅ የሆነው አይገዛ፤ በተያዘበት ማዕዘን የሚቆይ ይመረጥ።

ራቼት በሚባለው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየነከሰ በሚያዞረው እጀታ ላይ የጥርስ ብዛት ይጻፋል፤ ልዩነቱ ጠባብ ቦታ ላይ ይታወቃል። 24 ጥርስ ያለው በየ15 ዲግሪው፣ 72 ጥርስ ያለው በየ5 ዲግሪው ይይዛል። ቪትዝ ሞተር ክፍል ውስጥ ከዲናሞው ጀርባ እጅ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ 72ቱ ጥቅም አለው። ሆኖም ርካሽ 72 ከርካሽ 24 ይልቅ ቶሎ ይዘላል፤ ጥርሱ ደቃቅ ስለሆነ ውስጡ ቆሻሻ ወይም ደረቅ ግሪስ ሲኖር አጥብቆ አይነክስም። ሱቅ ውስጥ መሰኪያውን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ኋላ ማዞር ይበቃል፤ ጣት የሚያደክም ከሆነ፣ ብሎኑ ላላ ካለ በኋላ ራቼቱ ብሎኑን መልሶ ያዞረዋል። ራስጌው በብሎን የተዘጋና የሚፈታ መሆኑንም ማየት ይገባል፤ የማይፈታው ሊጸዳ አይችልም። የጠበቀ ብሎን በራቼት ማላቀቅ የለበትም፤ ለዚያ ቀጥ ያለው እጀታ አለ።

የምርት ስሞችን በተመለከተ፣ ኢንግኮና ቶታል የሚባሉት የቻይና ምርቶች በየሰፈሩ ሱቅ የሚገኙ ሲሆን በወር አንድ ሁለት ጊዜ ለሚሠራ ሰው ቡሶላቸውና ቁልፋቸው (ጠፍጣፋው የእጅ መፍቻ) ይበቃል። ስም ከሌለው ሻንጣ የሚሻሉት ከተሰበረ የሚጠይቁት ሱቅ ስላለ ነው። ከዚያ በላይ ለመክፈል የፈለገ የታይዋኖቹን ኪንግ ቶኒን ወይም ቶፕቱልን ካገኘ በልበ ሙሉነት ይግዛ፤ በእኛ ፍርድ ለዋጋው ሚዛኑ የተሻለው እነዚህ ላይ ነው። የጀርመኖቹ ሃዜት፣ ጌዶሬና ሽታልቪለ፣ የጃፓኖቹ ኬቲሲና ኮኬን ደረጃቸው ከሁሉ በላይ ነው፤ አዲስ ሆነው መግዛት ግን ለቤት ሥራ አያዋጣም። ዕድል ካለ ያገለገሉት ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ክምር ውስጥ ይገኛሉ።

ያገለገለ መሣሪያ ፍለጋ የራሱ ብልሃት አለው። ያገለገለ የጃፓን ቁልፍ ክሮሙ ተልጦ፣ ዘይት ጠጥቶ ሲታይ ዋጋ ቢስ ይመስላል፤ አፉ ካልተከፈተ ግን ከአዲሱ ርካሽ ቁልፍ ይበልጣል። ብሎኑን አፉ ውስጥ አስገብቶ መላወሱን መሞከር፣ ከዚያ ጣትን በአፉ ሁለት ጎኖች ላይ ማሄድ ነው፤ ጎድጎድ ያለ ነገር ከተሰማ ተንሸራቶ የሚያውቅ ነው። በቧንቧ ተስቦ የታጠፈ ቁልፍ መስታወት ላይ ሲጋደም ይወዛወዛል። በብየዳ የተነካ፣ ወይም ጠርዙ ተሞርዶ የሰፋ ቡሶላ ምንም ያህል ርካሽ ይሁን ይቅር። የውሸት ማህተምም አለ፦ እውነተኛው ላይ ፊደሉ እኩል ጥልቀት አለው፣ ጠርዙም ጥርት ያለ ነው፤ በሌዘር ላይ ላዩን የተቃጠለ ስም አሮጌ መሣሪያ ላይ ከታየ ግን መጠርጠር ይገባል። ሳጥን ላይ «ጀርመን» የሚል ቃል መጻፉ የተሠራበትን አገር አይናገርም።

ክፍት አፍና ቀለበት ያላቸው ቁልፎች ከ8 እስከ 19 ይበቃሉ፤ 10፣ 12 እና 14 ሁለት ሁለት ቢሆኑ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ብሎኑን በአንዱ ይዞ ዳዶውን በሌላው ማዞር የዘወትር ሥራ ነውና። ብዙ ሰው የሚዘለው ግን አስፈላጊ የሆነው ባለ 10 የፍሬን ቧንቧ ቁልፍ ነው፤ ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ ቧንቧው እንዲያልፍ የተደረገ። የፍሬን ቧንቧ ዳዶ ለስላሳ ብረት ነው፤ በክፍት አፍ ቁልፍ አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ ሙሉ ቧንቧ ማሠራት ይመጣል። አንድ ፍሬ ቁልፍ ያንን ወጪ ያስቀራል። የፍሬን አየር ማስወጫው 8 ወይም 10 ነው፤ እሱም በስድስት ጠርዝ ቀለበት እንጂ በክፍት አፍ አይነካም።

አሁን ብዙ የግቢ ጋራዦች ወደሌላቸው መሣሪያ እንምጣ፦ ቶርክ መፍቻ፣ ማለትም ብሎን በተወሰነለት ኃይል ልክ ሲጠብቅ የሚጮህ መፍቻ። ጎማ በጉልበት ማጥበቅ ልማድ ስለሆነ ትርፍ ዕቃ ይመስላል። ቪትዝና ኮሮላ የጎማ ዳዷቸው የሚፈልገው 103 ኒውተን ሜትር ነው። ጎሚስታው በሁለት እግሩ ቆሞ ሲያጠብቀው ከዚያ እጅግ ያልፋል፤ ውጤቱ የተሳበ ብሎን፣ የተበላ ጥርስና መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ በእጅ የማይፈታ ዳዶ ነው። የዘይት ማፍሰሻው የሚፈልገው 37 ኒውተን ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ካንዴላው 18 ያህል፣ የሞዞው ዳዶ ደግሞ 216 ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ መሣሪያ አይሠሩም። በገበያው የተለመደው የግማሽ ኢንች ቶርክ መፍቻ ከ28 እስከ 210 ይላል፤ የነዚህ መሣሪያዎች ትክክለኛነት የሚታመነው ከከፍተኛው ልኬት 20 በመቶ ጀምሮ ስለሆነ ከ42 በታች ባይጠቀሙበት ይሻላል። ለጎማና ለካሊፐር ብራኬት በቂ ነው። ለካንዴላና ለትንንሽ ብሎኖች ከ5 እስከ 25 የሚለካ የሩብ ኢንች ወይም የ3/8 ታናሽ ወንድሙ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ትልቁ ይገዛ፤ ታናሹ ቀጥሎ።

ሲገዛ ማህተሙ ላይ ያለውን ልኬት ማንበብ ግዴታ ነው። ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ቶርክ መፍቻ በኪሎግራም ሴንቲሜትር ሊሆን ይችላል፤ 103 ኒውተን ሜትር እዚያ ላይ 1050 ነው። ከአሜሪካ የመጣው በፓውንድ ጫማ ነው፤ እዚያ ላይ 76 ይሆናል። ሁለቱን አምታቶ 103ን በፓውንድ ጫማ ያጠበቀ ሰው ወደ 140 ኒውተን ሜትር አደረሰው ማለት ነው።

ርካሽ ቶርክ መፍቻ እውነት ይናገር እንደሆነ በቤት ማረጋገጥ ይቻላል። መሰኪያውን ሞርሳ ላይ አጥብቆ መፍቻው አግድም እንዲሆን ማድረግ፤ ከመሰኪያው መሃል እስከ እጀታው መያዣ መሃል መለካት። ርቀቱ 40 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ሚዛን ላይ የተረጋገጠ 25 ኪሎ ሲንጠለጠልበት 98 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ የመፍቻው የራሱ ክብደት ሁለት ሦስት ይጨምራል፤ ወደ 100 ማለት ነው። ለክብደቱ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጄሪካን ውሃ ተሞልቶ፣ የጎደለው በብረት ተሟልቶ ይሆናል። መፍቻው 95 ላይ ተደርጎ ክብደቱ ቀስ ተብሎ ሲለቀቅ መጮህ አለበት፤ 106 ላይ ተደርጎ ግን መጮህ የለበትም። ከዚህ ከወጣ ለሻጩ ይመለስ፤ ስለዚህ ሲገዛ የመመለሻ ስምምነቱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከተጠቀሙበት በኋላ ልኬቱን እስከ ዝቅተኛው ቁጥር መመለስ እንጂ ከዚያ በታች መፍታት አይገባም፤ ተጠብቆ ከተቀመጠ ውስጡ ያለው ሞላ ይደክማል። ብሎን ለማላላትም አይውልም።

ክሪክና ስታንድ (የተነሳውን መኪና ተሸክሞ የሚያቆመው የብረት እግር) ላይ ገንዘብ መቆጠብ ነፍስን ማስያዝ ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ባለ መቀስ ክሪክ ጎማ ለመቀየር ብቻ የተሠራ ነው። ለግቢ ጋራዥ ሁለት ቶን የሚያነሳ ባለ ጎማ የወለል ክሪክ ይበቃል፤ ቪትዝ አንድ ቶን አካባቢ ስለሆነና ክሪኩም በአንድ ጊዜ የሚያነሳው አንድ ጎኑን ስለሆነ ሦስት ቶን አያስፈልግም። ወሳኙ ዝቅተኛ ቁመቱ ነው፤ ጎማው ሲጎድል ቪትዝ ሥር የማይገባ ክሪክ ብዙ ነው። 13 ወይም 14 ሴንቲሜትር የሆነ ይፈለግ። የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ሃይድሮሊክ ክሪክ ለጭነት መኪናና ለፒካፕ ጥሩ ነው፤ ለቪትዝ ግን ይረዝማል፣ ራሱም ጠባብ ስለሆነ የወለሉን ቆርቆሮ ይበሳል።

ሱቁ በር ላይ በቆመ መኪና ክሪኩን መሞከር ጨዋ ሻጭ የማይከለክለው ነገር ነው። መኪናውን አንስቶ አሥር ደቂቃ መተውና ቁመቱን በሜትር መለካት ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ በዓይን የሚታይ መውረድ ካለ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ ደካማ ነው። ክሪኩ እየዘለለ በደንብ የማያነሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ አየር ነው፦ የመልቀቂያውን ብሎን ከፍቶ፣ ያለ ጭነት እጀታውን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረግ ያስወጣዋል። ዘይት ሲጎድል የሚሞላው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት የሚጨምሩበት አሉ፤ ያ የክሪኩን ጎማዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

ስታንድ ደግሞ ሁለት ሳይሆን አራት ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለት ግን ዝቅተኛው ነው። ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም፤ ማንም ሰው በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አይግባ። ባለ ጥርሱ ስታንድ ከፍ ተደርጎ ሲቆለፍ ዘንጉን ወደታች ገፍቶ ምላሱ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ መንከሱን በዓይን ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሃርበር ፍሬይት የሸጣቸውን የፒትስበርግ ስታንዶች ከገዢዎች መልሶ የሰበሰበው ምላሱ ጥርሱን በደንብ ላይነክስ ስለሚችል ነበር፤ በምትክ ከቀረቡት ውስጥም በብየዳ ጉድለት የተሰበሰቡ ነበሩ። ከአሜሪካ ያገለገለ ስታንድ የተላከለት ሰው ይህን አረጋግጦ ይጠቀም። ከሁሉ የሚታመነው ቀዳዳና ፒን ያለው ዓይነት ነው፤ ፒኑ መግባቱ ይታያል፣ የሚዘል ነገር የለውም።

ግቢው አፈር ወይም ኮብልስቶን ከሆነ የስታንዱ እግር ይሰምጣል፤ ከሥሩ ሦስት ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ወይም የብረት ሰሌዳ ይነጠፍ። ብሎኬት መደገፊያ አይደለም። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ይፈረካከሳል፤ ይህን የሚያደርግ ጎረቤት ካለ ዝም አይባል። ቪትዝና ኮሮላ የሚነሱት ከበሩ ሥር ባለው የተጣጠፈ ቆርቆሮ ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ክፍተቶች የተቆረጡበት ቦታ ነው፤ መሃሉ ላይ ስንጥቅ ያለው የጎማ መቀመጫ የክሪኩ ራስ ላይ ማድረግ ቆርቆሮው እንዳይጠመዘዝ ያደርጋል።

ካቻቢቴ ርካሽ ነገር ስለሆነ ሰው አያስብበትም። ጃፓን መኪና ላይ ያለው የመስቀል ቪቴ ከተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ ጋር ፍጹም አይገጥምም፤ ቅርጹ የጃፓን ስታንዳርድ የሆነው ጄአይኤስ ነው። የተለመደው ካቻቢቴ ጫፉ ላይ ወፍራም ስለሆነ ታች ሳይደርስ ይቆምና ሲጫኑት ይዘላል። የጃፓኑ ቬሰል ካቻቢቴ ከተገኘ ሁለት ቁጥሩን አንድ ፍሬ መግዛት ብዙ የተላጨ ቪቴ ያድናል።

የቀሩት ትንንሽ ዕቃዎች ፈጣን ናቸው። የዘይት ፊልትሮ መፍቻ ለቪትዝና ለኮሮላ ከ64 እስከ 65 ሚሊሜትር፣ 14 ጠርዝ ያለው የኩባያ ቅርጽ፤ ለመፍታት ብቻ ነው፣ ማጥበቅ በእጅ፣ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር። የብሩጎላ (ራሱ ውስጥ ስድስት ጠርዝ ቀዳዳ ላለው ብሎን የሚሆን ቁልፍ) ስብስብ ከ4 እስከ 10። ፒንሳ ሁለት፣ አንዱ ረጅም አፍንጫ። መዶሻ አንድ ባለ 500 ግራም፣ አንድ የፕላስቲክ። ሁለት ፍሬ ኤም 8 ብሎን፣ ጥርሱ 1.25 የሆነ (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት በሚሊሜትር)፤ ይህ ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የሚያስደስተው መሣሪያ ነው። የቶዮታ የኋላ ከበሮ ሲጣበቅ ከበሮው ፊት ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁለቱን ብሎኖች በየተራ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር እያሰሩ ሲሄዱ ከበሮው ራሱን ገፍቶ ይወጣል። መዶሻ አያስፈልግም፣ ከበሮውም አይሰነጠቅም። በነገራችን ላይ ጎደሎ ብሎን ከግንባታ ዕቃ ሱቅ የሚተካ ሰው ይጠንቀቅ፦ እዚያ በብዛት የሚገኘው ኤም 10 ጥርሱ 1.5 ነው፤ የቶዮታው ኤም 10 በአብዛኛው 1.25። ሁለት ዙር ይገባና ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ከተገፋ የአልሙኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል።

ለኤሌክትሪክ ሥራ መልቲሜትር (የቮልትና የአምፔር መለኪያ) ያለ ምንም ክርክር ከስካነር (የመኪናውን የስህተት ቁጥር ማንበቢያ) ይቀድማል። ሞተር ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተር ሲነሳ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.5 መስጠት አለበት። ሌሊት ባትሪ የሚጨርስ መኪና ላይ መልቲሜትሩ በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መካከል ሲገባ፣ መኪናው ካንቀላፋ በኋላ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ የሚስብ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል መንስኤውን ያሳያል። በዚህ ልኬት ላይ ሞተር ማስነሳት ወይም ትልቅ መብራት ማብራት የመልቲሜትሩን ፊውዝ ያቃጥላል፤ ስለዚህ የ10 አምፔር መሰኪያው በፊውዝ የተጠበቀ መሆኑ ሲገዛ ይነበብ። «ያልተጠበቀ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ይተው።

ትንሿ ሰማያዊ የብሉቱዝ ስካነር፣ ኢኤልኤም 327 የምትባለው፣ በየሱቁ አለች። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ እና ከዚያ ወዲህ ለተሠሩ መኪናዎች ጥሩ ጓደኛ ናት፤ ከቅጂዎቹ መካከል «2.1» የሚል የተጻፈባቸው ብዙዎቹ የትእዛዝ ጉድለት ስላለባቸው «1.5» የሆነችው ትመረጣለች። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ ቪትዞች ግን ስካነሯ የምትሰካበት መሰኪያ ተመሳሳይ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከዚች ስካነር ጋር አይግባቡም። ለነሱ አንድ ቁራጭ ሽቦ ይበቃል፦ ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ መሰኪያው ላይ 4 እና 13 ቁጥር ቀዳዳዎችን ማገናኘት፣ ከዚያ ሞተር ሳይነሳ ቁልፉን መክፈት፤ የሞተር መብራቱ ብልጭታ የስህተቱን ቁጥር ይቆጥራል። 16 ቁጥር የባትሪው ፖዘቲቭ ስለሆነ ሽቦው እንዳይነካው ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በየግቢው የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ለነዚህ ጎማ፣ ፍሬን፣ የእግር ክፍልና የካቢን ማጣሪያ በተለመደው መሣሪያ ይሠራል። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ግን ለግቢ ጋራዥ አይደለም፤ 1000 ቮልት የሚችል የተሸፈነ መፍቻ መግዛት ያንን ሥራ መሥራት አያስችልም፤ ሥልጠናና የመዝጋት ሥርዓት ይፈልጋል። ክሪክ ሲደረግም የባትሪው ሳጥን ወለሉን ስለሚይዝ የአምራቹ ነጥብ ላይ ብቻ ይነሳ።

ዘመድ ከውጭ ይልካል ከተባለ ምን ማስላክ እንደሚገባ ቀድሞ መነጋገር ያዋጣል። ከአሜሪካ የሚመጣ ስብስብ ግማሹ የኢንች ሊሆን ስለሚችል «ሜትሪክ ብቻ» ብሎ መጻፍ ነው። በባትሪ የሚሠራ ኢምፓክት (ብሎን በምት የሚፈታ ማሽን) ከሆነ፣ ቻርጀሩ የ120 ቮልት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ሊቲየም ባትሪው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይገባም፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ 18 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት የሆነው 90 ስለሚሆን ከገደቡ በታች ነው። ኢምፓክት ካለ ክሮም የተቀባ ቡሶላ አይደረግበት። ጥቁሩ የክሮም ሞሊብዲነም ቡሶላ ይገዛ፤ የሚያብረቀርቀው በምት ይፈነዳል፣ ስባሪውም ዓይን ይፈልጋል። ለማጥበቅ ሳይሆን ለመፍታት ብቻ ይዋል።

ከግዢ ዝርዝሩ የምናስወጣቸው፦ ርካሹ የሞላ መጭመቂያ፣ የሃይድሮሊክ ፕሬስና ኮምፕረሰር። የአሞርዛተር ሞላ በተጨመቀበት ሰዓት ብሎኑ ከከዳ ሰው ይገድላል፤ ኩሽኔታ መጭመቂያው ፕሬስም በዓመት አንዴ ለሚሆን ሥራ ቦታ ይይዛል። ሁለቱንም ሞዞውን ወይም አሞርዛተሩን ፈትቶ ወደ ጋራዥ ወስዶ ማሠራት ይሻላል። በዚያ የተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ጥንድ ስታንድ፣ ታናሹን ቶርክ መፍቻና የ12 በ1.25 የጥርስ ማውጫ (ታፕ) ይገዛል። የመጨረሻው የተበላ የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳን ለማጽዳት ነው። ሲጠቀሙበት ግሪስ ይቀባ፤ ብናኙ ኮፓ ውስጥ እንዳይቀር አሮጌ ዘይት ከላይ ጨምሮ ማጠብ፣ ከዚያ አዲስ ሮንዴላ አድርጎ መዝጋት ነው።